ሙሉመቤትና የዘርይሁን ግራ እጅ

ሙሉመቤት ቤዝ ጊታር ልትገዛ ነው የሚለው ወሬ የናይሮቢውን ሁርሊንግሃም ሰፈር ያዳረሰው ጊታሩ ከመገዛቱ በፊት ነው። ወሬው ጠዋት ከሹሩባ ቤቱ ወጣ፤ በልኳንዳው በኩል ዞረ፤ ጋሽ ገብሬ ምግብ ቤት ገብቶ ምሳውን በላ፤ ማታ ሲመለስ ወፍሮና ጢም አብቅሎ «ሙሉመቤት ጊታር መቺ ልታገባ ነው» ሆኖ መጣ። እሷም ሰማችው። «ሰውዬው ማን እንደሆነ ስትደርሱበት ንገሩኝ፤ ቀሚስ ማሰፊያ ጊዜ ያስፈልገኛል» አለችና የያዘችውን ፀጉር መጎንጎኗን ቀጠለች።

ሰው ቢገረም አይፈረድበትም። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሹሩባ ሠሪ ናት። አልባሶ ስትሠራ ጣቶቿ አይታዩም፤ የሚታየው ከግንባር ወደ ማጅራት የሚሮጠው ጉንጉን ብቻ ነው። ዘፈን ግን አይሆንላትም። አንዴ ሥራ ላይ ሆና ስታንጎራጉር ደንበኛዋ ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ «ነገ እመለሳለሁ» ብላ ወጥታለች ይባላል። ውሸት ነው፤ ግን ለእውነት ይቀርባል።

ቤዝ ያስወደዳት ማታቱ ነው። ናይሮቢ የገባች ሰሞን ቋንቋው አልገባት፣ ዘመድ አልነበራት፤ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ስትሳፈር ግን ከወንበሩ ሥር የሚደልቀው ድምፅ ከወገቧ ተነስቶ ደረቷ ላይ ይወጣል። የዘፈኑን ቃል አታውቀውም። ድልቂያው ግን አማርኛ ስዋሂሊ ሳይል «ነይ፣ ቁጭ በይ» ይላታል። ከወረደችም በኋላ ጣቶቿ በዚያው ምት ይጎነጉናሉ። ሌላው ሰው ዘፋኙን ሲሰማ እሷ ከዘፋኙ እግር ሥር ያለውን መስማት ለመደች፤ ቆይታም መስማቱ አልበቃ አላት። የቤዝ አመታት ከዩቲዩብ ማየት ጀመረች፤ ከዚያ ጋሽ ገብሬ ዘንድ ሄደች።

የጋሽ ገብሬ ምግብ ቤት ቅዳሜና እሑድ ሙዚቃ አለው። ሙዚቃው ማለት አንድ ዘፋኝና ዘርይሁን ነው። ዘርይሁን ደግሞ ብቻውን ባንድ ነው፦ በቀኝ እጁ ዜማውን በኪቦርድ ይጫወታል፣ በግራው ቤዙን ይደልቃል፣ ከበሮውን ለማሽኑ ሰጥቶታል። ከአፍንጫው በቀር ሥራ የፈታ አካል የለውም፤ እሱንም ሰው ጉዳይ ውስጥ ያስገባዋል።

«ጋሽ ገብሬ፣ ቤዝ ልጫወትልዎት» አለች ሙሉመቤት።

«ቤዝ እኮ አለን» አሉ ጋሽ ገብሬ፣ ወደ ዘርይሁን ግራ እጅ እያመለከቱ። «ቁርስ አይጠይቀኝ፣ አያረፍድብኝ።»

ዘርይሁን የአቦል ጀበና የቀረበለት ያህል ደስ አለው። «እንዴ፣ ትሞክር ጋሼ! ሙሉ፣ እኔ ግራ እጄ ደክሟታል፤ ተማምኜብሽ ካሳረፍኳት ቦታው ያንቺ ነው። ካላሳረፍኳት ግን ከሰው ራስ ላይ አትውረጂ።»

ቀልድ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን እንደ ውል ይዛው ወጣች።

ጊታሩን ልትገዛ ፓርክላንድስ ሰፈር ስትሄድ ሰዲቃ ተከተለቻት። ሰዲቃ ከኢስሊ ገበያ ሻርፕና ድሪያ እያመጣች ሹሩባ ቤቱ ውስጥ የምትሸጥ ጓደኛዋ ናት፤ በሰው ግብይት ውስጥ ካልገባች ያማታል። ከአንድ የጨርቅ መደብር ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ዋፉላ የሚባል ሽበታም ኬንያዊ የሙዚቃ ዕቃ ይጠግናል፣ ይሸጣል። በጉብዝናው ዘመን የሆቴል ባንዶች ውስጥ ቤዝ ይጫወት ነበር። ሙሉመቤትን አስቀመጣት፣ እጇን ገልብጦ እንደ ሐኪም አየ፣ ከጥግም አንድ ቡናማ ጊታር አመጣ። አንገቱ አጠር ያለ፣ ክሩ አራት፣ ቀለሙ የቀድሞ ባለቤቱ ክንድ ባረፈበት በኩል ተልጦ እንጨቱ የወጣ ነበር።

ሰዲቃ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አይታለች። እንደ ሙሽራ መኪና የሚያብለጨልጭ ቀይ፣ ባለ አምስት ክር።

«ሙልዬ፣ ያንን! ይሄኛው እኮ ከቃጠሎ የተረፈ ይመስላል። ደግሞ ከአራት አምስት አይሻልም?» አለች፣ ሻጩም እንዲሰማ በስዋሂሊ።

«ማማ» አለ ዋፉላ ረጋ ብሎ፣ «ሸሚዝ ስትገዢ እጅጌው ሦስት ስለሆነ ትመርጫለሽ?»

«ሰውዬው መሸጥ አይፈልግም እንዴ?» አለች ሰዲቃ በአማርኛ።

ሙሉመቤት ቡናማውን አየች፤ ቀዩን አየች፤ የዘርይሁንን ሳቅ አሰበች። እዚያ ሰው መሃል የተላጠ ነገር ይዛ ልትቆም አልፈለገችም። ቀዩን ገዛች። ማታቱ ውስጥ ረዳቱ ጊታሩን ከእግር እስከ ራሱ አይቶ «ይሄኛውም ተሳፋሪ ነው፣ ለሱም ክፈሉ» አላቸው። ሰዲቃ እስኪወርዱ ድረስ ተከራከረችው፤ ከከፈለችው በላይ ደስ ያላት ክርክሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁርሊንግሃም ሁሉ ያውቀዋል። ቀኑ የቅበላ ቅዳሜ ነበር፤ ከነገ ወዲያ ሥጋ ሊቀር ነው ብሎ አገሩ ሁሉ ጋሽ ገብሬ ቤት ጥሬውን ከቦ ተቀምጧል። ሙሉመቤት ቀዩን አንግታ ቆመች። ጊታሩ ከብዷት ትከሻዋ ወደ አንድ ወገን ዘመመ፤ አንገቱ ሰፊ ስለሆነ የግራ እጇ ጣቶች ሩቅ ያለው ክር ላይ የሚደርሱት ምቱ ካለፈ በኋላ ነው። የመጣው ይምጣ ብላ ደግሞ የተማረችውን ሁሉ በአንድ ዘፈን ውስጥ ልትጨርሰው ተነሳች። ዘርይሁን ግራ እጁን ለአፍታም አላሳረፈም። ሁለት ቤዝ፣ ሁለት ሰው በአንድ ጠባብ በር ልውጣ ልውጣ እንደሚል ሆነ። መሃል ላይ እስክስታ የሚመታው ሰውዬ ትከሻው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ፤ ወዴት እንደሚወስደው ግራ ገብቶት ወደ መቀመጫው ይዞት ተመለሰ።

ዘርይሁን ፈገግ እንዳለ ጎንበስ አለና የሷን ድምፅ ከማጉያው ላይ ዘጋው።

ሙሉመቤት አወቀች። ቢሆንም አልወረደችም። የማይሰማ ቤዝ እየመታች፣ ፊቷ ጊታሩን መስሎ፣ እስከ መጨረሻው ቆመች።

ጋሽ ገብሬ በሩ ላይ ጠበቋት። «አንቺ ልጅ፣ ከነገ ወዲያ ሁዳዴ ነው፤ ሙዚቃ የለም። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሩንዳ ሰፈር ሠርግ ይዘናል። እዚያ አንዴ ሞክሪ። ያኔም እንዲህ ከሆነ ግን ደግመሽ አትጠይቂኝ፤ እኔም እምቢ ማለት ያሳፍረኛል።»

ሰኞ ቀዩን ተሸክማ ዋፉላ ዘንድ ሄደች። ሰዲቃን አላስከተለችም። ሽማግሌው ነገሩ ገብቶት ቡናማውን ከጥግ አመጣና ቀዩን ወደ ግድግዳው መለሰው።

«ቀድመህ ነግረኸኛል» አለች አንገቷን ደፍታ።

«ሁሉም መጀመሪያ ቀዩን ነው የሚወስደው» አለ ዋፉላ። «ለዚህ እኮ ነው ቀይ የምቀባው።»

ሙሉመቤት ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ቡናማውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አንገቱ መዳፏ ውስጥ ገባ፤ የመጨረሻውም ክር ላይ ጣቷ ሳትለምን ደረሰች።

«የእናንተን ምት እኔ አላውቀውም፤ እሱን ከወገኖችሽ ተማሪ» አላት። «እኔ የማሳይሽ ጣት ማንሳት ነው። አንድ ድምፅ ምቺ። አሁን አንሺ። አየሽ፣ ዘገየሽ። ቅዳሜ የተጨማለቀው ስለመታሽ አይደለም፤ የመታሽውን ስላላነሳሽ ነው። ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ።»

ያን ቀን ሙሉ አንድ ድምፅ መታች፣ አነሳች። ዘፈን የሚባል ነገር አልሰማችም። ስትወጣ ዋፉላ አሁን በጆሮዋ መሄድ እንደጀመረች ነገራት፤ ምን ማለት እንደሆነ ያወቀችው በኋላ ነው።

በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ተገናኝተው ሹሩባ ቤቱ የተራበ ሰው ሞላበት። የራበው ሰው ደግሞ ወሬ ሲያገኝ እንደ እንጀራ ነው የሚቆርሰው። «ሙሉመቤት በጾም ዘፈን ትለማመዳለች» ተባለ። እሷ ግን መፍትሔ ነበራት። የኤሌክትሪክ ጊታር ከማጉያው ካልተገናኘ ከዝንብ የባሰ ድምፅ የለውም፤ ዋፉላ የጊታሩን ጭንቅላት ቁምሳጥን ላይ ብታስደግፈው እንጨቱ ለሷ ብቻ እንደሚደልቅላት ነግሯታል። ስልኳ ላይ የሠርግ ቪዲዮ ትከፍታለች፣ ድምፁን ታጠፋለች፣ የሚጨፍሩትን ሰዎች ትከሻ እያየች ከቁምሳጥኑ ጋር ትጫወታለች።

«ይሄ ጾም አያስገድፍም?» አለቻት ሰዲቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ።

«ድምፅ የለውም።»

«ታያለሽ እኮ!»

«ማየት የሚያስገድፍ ከሆነ በልኳንዳው በኩል የሚያልፍ ክርስቲያን ሁሉ ገድፏል» አለች ሙሉመቤት።

ከድምፅ አልባው ሠርግ የተማረችው አንድ ነገር ነው፦ ትከሻ ሲወርድ ቤዙ እዚያ አለ፣ ትከሻ ሲመለስ ቤዙ ዝም ብሏል። ሰው የሚጨፍረው በዝምታው ውስጥ ነው። ሌላው በሥራዋ ላይ ነበር። ሹሩባ ሲጎነጎን ፀጉሩ በሦስት ይከፈላል፤ ምቱም ሦስት ሦስት እያለ ነው የሚሄደው። ይህን ያወቀች ቀን የአንዲትን ደንበኛ ራስ ሳታስበው በጨዋታ ፍጥነት ጨርሳ ሴትዮዋ መስታወቱን እያየች «ዛሬ ምን ቸኮልሽ?» አለቻት። ጉንጉኑ ግን እንደ መስመር ቀጥ ብሏል።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ሩንዳ፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ ድንኳን ተተክሏል። ዘርይሁን ቡናማውን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«ቀይዋ የት ሄደች? ታመመች?»

«ደህና ናት። ግራ እጅህ ሥራ ስትፈታ ይዘህ እንድትፎክርባት ሱቅ ውስጥ አስቀምጬልሃለሁ።»

«ገና ሳይጀመር!» አለ ዘርይሁን፤ ኪቦርዱ ላይ ተጎነበሰ።

ሙሉመቤት በመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ምንም የራሷ ነገር አልተጫወተችም። ጆሮዋን የዘርይሁን ግራ እጅ ላይ አሳረፈች፤ ዋፉላ በጆሮ መሄድ ያለው ይህን ነበር። እሱ ሲያሳርፍ አሳረፈች፤ እሱ ሲያነሳ አነሳች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁለት ቤዝ መኖሩን እንኳ አላወቀም። ዘርይሁን ግን አወቀ። አንድ ሁለቴ ግራ እጁን ጎንበስ ብሎ አየ፤ ጫማው የሰው መሆኑን መንገድ ላይ የተጠራጠረ ይመስል ነበር።

የሙሽራዋ አክስቶች ሲነሱ ነገሩ ጠና። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከሙሽራው ወገን ሴቶች ጋር ፊት ለፊት ገጠሙ፤ አንዱ ወገን ሳይረታ ዘፈን ማቆም ደግሞ ነውር ነው። ዘፋኙ ስንኙ አለቀበትና ደገመው። ድንኳኑ ጋለ። የዘርይሁን ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ ሊጠርገው ግራ እጁን አነሳ።

ሙዚቃው አልወደቀም።

ዘርይሁን በር ሳይቆልፍ የወጣ ሰው እንደሚሮጠው ፈጥኖ እጁን መለሰ። ትንሽ ቆየና እንደገና አነሳው። አሁን ግን ላብ አልነበረም። እጁን አየር ላይ ይዞ ሙሉመቤትን አያት።

ጣቶቿ የተማሩትን ሁሉ ሊያሳዩ ቸኮሉ፤ አንድ ሁለት ድምፅ ሳታስበው ጨመረች። ከፊቷ የነበረችው ትልቋ አክስት ትከሻ ወዲያው አመነታ። ሙሉመቤት የቅበላው ሰውዬ ትዝ አላት። ጣቷን አነሳች። ዝም አለች። ትከሻው እስኪወርድ ጠበቀችና ልክ ሲወርድ አንዲት ድምፅ ብቻ ከሥሩ አስቀመጠችለት። አክስትየዋ እልል አለች፤ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ።

ያኔ የዘርይሁን ግራ እጅ ወደ ቤዙ አልተመለሰም። ከላይ ወደ ደረበው ሁለተኛ ኪቦርድ ወጣና የጥሩምባ ድምፅ አወጣ። እጅ ስላልተረፈው ይህን ድምፅ ተጫውቶት አያውቅም ነበር፤ ድንኳኑ ጣሪያው የተነሳ መሰለ። ጋሽ ገብሬ ጭልፋ እንደያዙ ከምግቡ በኩል ብቅ አሉ።

«ማነው ጥሩምባ ነፊ ያመጣው? ለማን ልከፍል ነው?»

ሰዲቃ ከጠረጴዛዋ ተነስታ አጠገቧ ያሉትን ሁሉ «ጊታሩን እኔ ነኝ የመረጥኩላት!» እያለች ነበር። ያመናት ብዙ ነው።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሁለቱም ወገን አሸነፍኩ አለ። ሙሉመቤት ክንዷ ዝሏል፤ አፏ ደርቋል። ዘርይሁን ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣለ፣ ከኪቦርዱ ጀርባ ወጣና በአጠገቧ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ቀጥሎ ባቲ ነው። እኔ ውሃ ልጠጣ፤ አንቺ ጀምሪው» አላት።

«ብቻዬን?»

«ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ማን ሊጀምርልኝ ነው?»

ብሎ ሄደ። ትልቋ አክስት መሃል ላይ እንደቆመች ናት፤ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ሙሉመቤት ዞረች። «አንቺ ልጅ! ቆሜ አረጀሁ እኮ!»

ሙሉመቤት የሴትዮዋን ትከሻ አየች፣ ጀመረች።