የትኛዋ ሀ?

ሰፈሩ በሙሉ «ጠቅላይዋ» ይላታል። ሹመት እንዳይመስላችሁ። ሥራዋ የተቃጠለ ሞተር ፈትቶ የመዳብ ሽቦውን እንደ አዲስ መጠቅለል ነው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ምን የማይመጣላት አለ? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠቅልላለች። መጀመሪያ ሰሞን ሰዎች ሱቋ በር ላይ ቆመው እሷን አልፈው ወደ ውስጥ እያዩ «ሠራተኛው የለም እንዴ?» ይሏት ነበር። እሷም ካቻቪቴዋን ሳታስቀምጥ «አለ፤ ዛሬ ቀሚስ ለብሶ መጥቷል» ትላቸዋለች።

ባሏ አናጢ ነው። አናጢ ብቻ ብዬ ባልፈው ግን ግፍ ይሆንብኛል። እንጨት ላይ ፊደል የሚቀርጽ ሰው ነው። የሱቅ ስም፣ የሐኪም ቤት በር፣ የትምህርት ቤት ሰሌዳ፣ ከሩቅ አይታችሁ የሱ እጅ መሆኑን ታውቃላችሁ። ታዲያ ከዓመት ተኩል በፊት አንድ ጠዋት ደም ግፊቱ ጣለው። እግሩ ተመለሰለት፣ አንደበቱም ተመለሰለት፤ ቀኝ እጁ ግን እምቢ አለ። ማንኪያ ይይዛል፣ መሮ አይይዝም።

ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። እሷም አለቀሰች፣ አልዋሽም። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ የባሏ ወርክሾፕ ጥግ ላይ አቧራ የጠጣውን አሮጌ ፍሬዛ ማየት ጀመረች። ፍሬዛው የሚሽከረከር ስለት ያለው፣ ሦስት እጀታ እየተዞረ ወደ ጎን፣ ወደ ፊትና ወደ ታች የሚሄድ የእንጨት መፋቂያ ማሽን ነው። «እጀታዎቹን ነቅዬ በቦታቸው ሞተር ብተክል፣ ሞተሮቹንም ኮምፒውተር ቢያዛቸው፣ ያንተ ፊደል በራስህ ልክ አይቀረጽም?» አለችው። ሲኤንሲ የሚሉት ነገር ይኸው ነው። ፋብሪካ የሚገዛውን ዕቃ እሷ ከተጣለ ማተሚያና ከአሮጌ ብረት ለቃቅማ ልትሠራው ተነሳች። ባልየው «አንቺ ሞተርሽን ጠቅልይ፣ እኔን ተይኝ» አላት። ደግነቱ እሷ ተይ ሲሏት ሰምታ አታውቅም።

ማክሰኞ ዕለት እራት ላይ ባልየው የሆዱን ተናገረ። «ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ወንድሜ መኪና ይዞ ይመጣል። የመሮ ሳጥኔን ይወስድልኛል፣ ፍሬዛውንም ለብረት ገዢ ይሰጠዋል። እኔም እሱ መጋዘን በር ላይ ወንበር አድርጌ የሚገባ የሚወጣውን አያለሁ።»

ወሽመጧ ቁርጥ አለ። ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ትወደዋለች፣ የወንድሙ ቤት መዋል አንጀቱን በልቶት ያመጣው ሐሳብ ነው። ግን ያ ሳጥን ከዚያ ቤት ከወጣ ባሏ ዳግመኛ እንጨት እንደማይነካ ታውቃለች። በር ላይ ተቀምጦ ሲያረጅ ታያት።

«እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጠኝ» አለች።

«እስከ ቅዳሜ» አለ፣ ሳያያት።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም ሞተሮች ተተክለው ነበር። ኤሌክትሪኩ የሚገባበትን ፓኔል፣ የእንጨት ብናኝ እንዳይገባበት ብላ፣ ከግድግዳው ወዲያ ዕቃ ቤት ውስጥ ሰቅላዋለች። ግድግዳውን በስታ ገመዶቹን አሳለፈች። ኮምፒውተሩን ስትነካ ወደ ፊት የሚሄደው ሄደ። ወደ ታች የሚወርደው ወረደ። ወደ ጎን የሚሄደው ግን ድርርርር እያለ ባለበት ይንዘፈዘፋል፣ የፀጉር ያህል እንኳ ፈቀቅ አይልም።

«ይኸው» አለ ባሏ ወንበሩ ላይ ሆኖ። «በቃ።»

«በቃ የሚባል የሞተር በሽታ አላውቅም» አለችው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጠቅላይዋን ማየት። ሌላው ሰው ማሽን እምቢ ሲለው ይራገማል፤ እሷ ዓይኗ ይበራል። መጀመሪያ መብራቱን አጠፋች። ኤሌክትሪክ ላይ እያለ የሞተር ሽቦ የነቀለ ሰው ድራይቨሩን ይገድለዋል፤ ድራይቨር ለየሞተሩ ኤሌክትሪክ እየመጠነ የሚሰጠው ካርድ ነው። ደህና ከሚሠራው ሞተር ድራይቨሩን አውጥታ ለታመመው ሰጠችው። ያው ድርርርር። ድራይቨሩ ነጻ ወጣ። ቀጥላ ሞተሩን ከማሽኑ ፈታችና አቅፋ ወደ ዕቃ ቤት ወሰደችው፤ ፓኔሉ ሥር አስቀምጣ በራሱ አጭር ሽቦ አገናኘችው። እንደ ቅቤ ዞረ። ልቧ ጮቤ ረገጠ።

«ሰማህ? ሞተሩም ጤነኛ ነው። ገመዱ ነው! ከፓኔሉ እስከ ማሽኑ ያለ አንድ ገመድ ብቻ ነው የቀረን።»

«አንድ ገመድና ግማሽ ቀን» አለ ባሏ። እንዲህም ሲል ግን ወንበሩን ወደ ማሽኑ አስጠግቶ ነበር።

የገመዱ ነገር እንዲህ ነው። ለሁለቱ ሞተሮች ባለ ቀለም ሽቦ ነበራት፣ ለሦስተኛው አለቀባት። ከተጣለ የሊፍት ገመድ ቆርጣ ተጠቀመች፤ ውስጡ ያሉት አራቱም ሽቦዎች ጥቁር ናቸው። እንዳይምታቱባት በሞተሩ በኩል በየሽቦው ላይ ወረቀት አሠረች፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ሀ እና ለ የአንዱ ጥቅል ሁለት ጫፎች ናቸው፣ ሐ እና መ የሌላው። የአንዱ ጥንድ ሽቦ ከሌላው ጥንድ ሽቦ ጋር ከተቀያየረ ሞተሩ ከመንዘፍዘፍ በቀር ሌላ አያውቅም። በፓኔሉ በኩል ያለውን ጫፍ ደግሞ ከባሏ ጋር ሆነው ነበር ምልክት ያደረጉበት። እሱ ሞተሩ ዘንድ ተቀምጦ በደህና እጁ አንድ ሽቦ ከማሽኑ ብረት ጋር ያነካካል፣ የወረቀቱን ፊደል ይጮኻል። እሷ ከግድግዳው ጀርባ የተነካውን ሽቦ ሲያገኝ ጢጥ በሚለው ቴስተር ትፈልግና የሰማችውን ፊደል ትጽፍበታለች።

አሁንም ሞተሩን ወደ ቦታው መልሳ ሽቦዎቹን በሁለቱም በኩል ፈታችና ያንኑ ደገሙት። እሱ ከቅርቡ ጀምሮ አንድ በአንድ አነሳ።

«ሀ።»

ጢጥ። ሀ ብላ የጻፈችበት ሽቦ ነው። «ልክ ነው፣ ቀጥል።»

«መ።»

ጢጥ። «ልክ።»

«ለ።» ልክ። «ሀ።» ቴስተሩ የቀረችውን ሐ ላይ ጢጥ አለ። እሱም ልክ። አራቱም ልክ! ሽቦ አልተበጠሰም፣ ፊደል አልተዛባም። መልሰው አሠሩት፣ መብራት ሰጡት፤ ድርርርር።

ምሳ ሰዓት አለፈ፣ ማንም የራበው አልነበረም። ጠቅላይዋ ዕቃ ቤት ውስጥ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራች። ድራይቨሩ ደህና፣ ሞተሩ ደህና፣ ገመዱ ደህና፣ ታዲያ የታመመው ማን ነው? ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችበት ጭንቅላቷ ራሱ ዛሬ የከዳት መሰላት። ባሏ ግን አዲስ ነገር አመጣ።

«እስካሁን እኔ ስጮኽ አንቺ ፈለግሽ» አለ ከግድግዳው ወዲያ። «እስቲ አሁን አንቺ ጥሪና እኔ ልያዝ።»

ቴስተሩን አነሳች። «እሺ። ሀን ያዝ።»

ቴስተሩ ጢጥ አላለም።

«ሀን ያዝ እኮ ነው የምልህ።»

«የትኛዋን ሀ?» አለ። «ክፍቷን ነው ባለ ሦስት እግሯን?»

ሰዎች፣ ያን ጊዜ የጠቅላይዋን ፊት ብታዩት። እናንተ ደርሳችሁበት ይሆናል፤ እሷ ግን ፊደል ከቆጠረች ጊዜ ጀምሮ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለች ተራ ስታስይዝ ኖራ፣ ሁለቱ ሀዎች በጆሮ አንድ መሆናቸው አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም። በዓይን ተለይተው የተጻፉትን በጆሮ ጠይቃ ነው የተቀበለችው። ባሏ ሲጀምር ለእጁ የቀረበችው ባለ ሦስት እግሯ ነበረች፣ «ሀ» አለ፤ እሷ ክፍቷን ጻፈች። ሲፈትሹም ያንኑ ስህተት ደግመው ልክ ነው ተባባሉ። ፊደል ሲቀርጽ የኖረ ሰው ግን ቅርጿን ሳያውቅ ፊደል አይነካም።

ዕቃ ቤቱን በሩጫ ለቃ ወጣች። «ጉድ ሠርተውናል፣ ሁለቱ ሀዎች!» አለችና ግንባሩን ሳመችው። እሱም ነገሩ ሲገባው ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ካየችው ቆይታለች።

«ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ ተብለን ተገርፈን የተማርነው ለዚህ ኖሯል» አለ።

ሁለቱን ሽቦ አቀያየረች። መብራት። ሞተሩ ዞረ፣ ጠረጴዛው ወደ ጎን ሸርተት አለ። በስለቱ ቦታ እርሳስ አሥራ ወረቀት ዘረጋችና ከባሏ አሮጌ የንድፍ ደብተር ያስገባቻትን «ቤ» አዘዘች። ማሽኑ ጻፈ። ቀለበቷ በቀኝ እግሯ መሆን ሲገባት በግራዋ ተንጠልጥላ ወጣች።

«ይቺ በመስታወት የምትነበብ ናት» አለ ባልየው። ውጭ በር ላይ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

ጠቅላይዋ አልደነገጠችም። ሞተሩ ወደ ኋላ ነው የሚዞረው ማለት ነው፤ የአንዱን ጥንድ ሁለት ጫፎች መገልበጥ ነው። አጥፍታ፣ ሐንና መን አገላብጣ፣ አጥብቃ ተመለሰች። እርሳሱን አወጣች፣ ስለቱን አስገባች፣ ቁራጭ ጣውላ አሠረች። ማሽኑ እንጨቱን ነከሰ። ብናኙ ተነሳ፣ የተቆረጠ እንጨት ሽታ ቤቱን ሞላው።

ዋርሳዋ ገመድ ትከሻው ላይ አድርጎ ሲገባ ሁለቱም ቀና አላሉም። ስለቱ ቀለበቷን ዞሮ ቆመ። ባልየው ተነስቶ ጎንበስ አለ፣ ብናኙን እፍ አለ፣ የግራ አውራ ጣቱን በተቀረጸው ላይ ሄደበት። አንዴ፣ ሁለቴ።

«ጥልቀቱ አንሷል» አለ ፊቱን አጨፍግጎ። «ጠርዟም ሻክሯል። ይሄ ስለት መሳል አለበት። እንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ዋርሳዋ ግራ ገብቶት አንዴ ወንድሙን አንዴ ማሽኑን አየ። «ሳጥኑስ?» አለ። «ልጫነው?»

«የምን ሳጥን?» አለ ባልየው፣ ዓይኑን ከፊደሏ ሳያነሳ። «መኪና ይዘህ የለ? ሂድና ጣውላ ጫንልኝ። ደረቅ ይሁን፣ አደራህን፣ እርጥብ ይዘህ እንዳትመጣ።»

ጠቅላይዋ ያን ጊዜ ነው እንደገና ያለቀሰችው። እሱ አላያትም፣ ስለቱን እየፈታ ነበር፣ በግራ እጁ።