ስካነሯን ማን ቆለፋት?

ነገሩ የሆነው ሮቤ ነው፤ ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ያኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ረስቻለሁ፤ ያችን አንድ ሰኞ ግን አልረሳሁም። ደግሞ መርሳትም የለብኝም።

መጀመሪያ ጠባዬን ልናገር። ዕቃ ሲያዝ እንዲህ ነው የምባል ሰው ነኝ። ስልኩ፣ ኮምፒውተሩ፣ ፕሪንተሩ፣ ሁሉም በእጄ የሠራሁት ዳንቴል ነበረው። ስካነር የምትባለው አዲስ ዕቃ ስትመጣልን ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም እንዲነካት አልፈቅድም ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሆና ያለ እንከን ሠራች። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ይህ ጠረጴዛ ሲነቃነቅ ይጎዳታል ብዬ ከፍራሽ የተረፈ ስፖንጅ በልኳ ቆረጥኩ፤ ጨርቅ አለበስኩትና እላዩ ላይ አስቀመጥኳት። ከላይ ዳንቴሏን ደረብኩላት።

አብሮኝ የሚሠራው ተሾመ አይቶ፣ "ሴትዮ፣ አራስ አደረግሻት እኮ! ገንፎ ብቻ ነው የቀራት" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም "ቅናት ነው" አልኩት።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ ፌስታል ይዘው ገቡ። "አከም ቡልቴ፣ ልጄ?" ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አሉኝ። ሐጂ ኡስማን ይባላሉ፤ ከሮቤ ወጣ ብሎ ባለው ገሰራ ገበያ እህል ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው ሀሊማ ልቧን ታማ ከእናቷ ጋር አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታለች። ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ኦፕራሲዮን የሚያደርጉላቸውን ልጆች የሚመርጡት በዚያው ዕለት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እዚህ ሮቤ ተነስታ በወረቀት የታተመላት የልብ ምስል ግን ገሰራ እቤት ተረስቶ ነበር። በፋክስ ቢልኩት ጥቁር ብቻ ሆኖ ደረሰ። ሐኪሙ በኢሜይል ይላክልኝ ብሎ አድራሻውን በስልክ አስጽፏቸዋል፤ ስካነር ያለው እኛ ጋ ነው ተብለው ምስሉን ይዘው መጡ።

"ምን ችግር አለ ሐጂ፣ አሁኑኑ!" ብዬ ዳንቴሉን ገለጥኩ። ኩራቴን ብታዩት!

ምስሉን መስታወቷ ላይ አስተኝቼ አዘዝኳት። መብራቷ ቦግ አለ። ግርርር አለች። ከዚያ ወዲያ ግን መብራቱ ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ ኮምፒውተሩም አልቻልኩም የሚል ነገር ጻፈ።

አጥፍቼ አበራኋት። ገመዱን ነቅዬ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። ኮምፒውተሩንም አስነሳሁት። አሁንም ግርርር ብላ ዝም። ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኳት። ውስጧ ያለው ነገር መሄድ ይፈልጋል፤ የያዘው ነገር አለ። ምን ይሆን የያዘው? ተሾመ አይጥ ገብቶ ይሆናል አለ። ባትሪ አምጥተን በመስታወቱ አጮለቅን። አይጥም የለ፣ ምንም የለ። ዓርብ ጠዋት ደህና የነበረች ዕቃ! ሥራው ቢያስጨንቀኝም፣ እውነቱን ለመናገር ምስጢሩም ይዞኝ ነበር።

አምስት ሰዓት ሆነ። ሐጂ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። ጨነቀኝና፣ "ወረቀቱን አርጥበውት እንዳይሆን!" ብዬ ጮህኩባቸው። ወረቀቱ ደረቅ ነበር።

ሐጂ ጎንበስ ብለው ስካነሯን ከጎን አዩዋት። "ልጄ፣ ይቺ ለምን ፍራሽ ላይ ተኛች?"

"እንዳትጎዳ ነዋ።"

"ሚዛን ጆንያ ላይ አይቀመጥም። የቆመበት ጠንካራ ካልሆነ አይሠራም።"

"ሐጂ፣ ይሄ እኮ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው! የስንዴ ሚዛን መሰለዎት እንዴ?"

ተሾመ "ብንሞክረው ምን አለበት?" ብሎ አንስቶ ባዶው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት። ከሥሯ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሦስታችንም ተያየን።

ገልብጠን አየናት። ከሆዷ ሥር አውራ ጣት የምታህል ቁልፍ አለች። ስጫናት ትገባለች፣ ስለቃት ትወጣለች። ለካ ስካነሯ ተነስታ ስትጓጓዝ ቁልፏ ይወጣና ውስጧ እንዳይሰበር ይቆልፋል፤ ጠንካራ ነገር ላይ ስትቀመጥ ይገባና ይፈታታል። ስፖንጁ ለስላሳ ስለሆነ ቁልፏን አልተጫናትም። አይጥ ስፈልግ፣ ገመድ ስነቅል፣ ሽማግሌ ስቆጣ፣ ለካ የቆለፍኳት እኔው ነኝ!

ምስሉን መልሰን አስገባን። መብራቱ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። የዚያን ጊዜ ኢንተርኔት ኤሊ ነው፤ ተልኳል የሚለው ጽሑፍ ሲመጣ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሆኖ ነበር። በቢሮው ስልክ ሆስፒታሉ ደወልን። ደርሷል አሉን። ሐጂ "አልሃምዱሊላህ" ብለው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ።

እኔ እንባዬ መጣ። "ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ በእርስዎ ጮህኩ። ምስሉ ሳይደርስላት ቢቀር ኖሮስ?"

"ተይ ልጄ" አሉኝ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ሀሊማ ትንፋሽ ሲያጥራት የገሰራ ብርድ ነው አልኩ። ሐኪም ቤት መውሰድ ሲገባኝ ሁለት ዓመት በቡሉኮ ጠቅልዬ እሳት ዳር አስቀመጥኳት። እኔም ስለምወዳት ነው። አንቺ ያቆየሻት አንድ ጠዋት ነው።"

ቀልደኛው ተሾመ እንኳ አንገቱን ደፋ።

ሀሊማ ተመረጠች። ኦፕራሲዮኑም ተሳካ፤ ሐጂ ራሳቸው ደውለው ነገሩኝ፤ እልል አልኩ፣ ቢሮው ደነገጠ።

እኔም ከዚያ በኋላ ወለድኩ። ልጄን ትንሽ ሲያስላት፣ "ብርድ ነው፣ ያልፋል" ልል አፌን እከፍትና የሐጂ ፊት ድቅን ይልብኛል። ባለቤቴ፣ "አንቺ ደግሞ አበዛሽው" ይለኛል። ይበለኝ! ነጠላዬን ደርቤ፣ ልጄን ይዤ፣ ሐኪም ቤት ነኝ።