ከጠርሙስ የተሠራች ከተማ

ፓርክ አድርጌ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላም እናቴ ቀበቶዋን አልፈታችም። ምግብ ቤቱ ከፊታችን ነበር፤ በአንድ ጎኑ የሜክሲኮዎች ዳቦ ቤት፣ በሌላው ጎማ መጠገኛ። የቡፎርድ ሃይዌይ የእሑድ ከሰዓት መኪና ከኋላችን ይጮሃል። በሩ ላይ «የአሰብ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል የእጅ ጽሑፍ ተለጥፏል።

«ካልፈለግሽ እንመለስ። አሟታል እላለሁ» አልኳት።

«ብቀር ለምን ቀረች ይላሉ። ብገባ ደግሞ...» አለችና ተወችው። «አንተ ግጥምህን አንብብና ቶሎ እንውጣ። ስለ ቡና ቤቶቹ አንድም ነገር እንዳትጠይቃቸው።»

«አልጠይቅም።»

«ማልልኝ።»

«እማዬ፣ አልኩሽ እኮ!»

ምን እንደምትፈራ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ በወጣትነቷ አሰብ ወደብ አጠገብ ቡና ቤት ውስጥ ሠርታለች። ቢራ የሚቀዳበት፣ ቴፕ የሚጮህበት፣ ሴቶቹ ከእንግዳ ጋር የሚቀመጡበት ቤት። ይህን የነገረችኝ አንድ ክረምት ጠዋት፣ ቻምብሊ ባቡር ጣቢያ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ባቡሯን ስንጠብቅ ነው። አዲስ የጻፍኩትን ግጥም እያነበብኩላት ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ባሕር አታብዛበት። ባሕር እንዲህ አይደለም» አለች። «አንቺ ደግሞ ባሕር የት አየሽ?» ብዬ ሳቅኩባት። ዓይኗን ከሐዲዱ ሳትነቅል፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደምታወራ ሁሉ ነገረችኝ። ባቡሩ ሲመጣ ቦርሳዋን አንስታ ሥራዋ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አንስተነው አናውቅም።

እዚህ አትላንታ እናቴ የደሴዋ ወይዘሮ ናት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተጣላን ታስታርቃለች፤ የሰንበቴው ድግስ ያለ እሷ አይጀመርም። ደሴ መወለዷ እውነት ነው። ቀሪውን ለማንም አልተናገረችም።

ጭንቀቱ የመጣው ከእህቴ እጮኛ አባት ነው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በደርግ ዘመን ከአዲስ አበባ አሰብ ተሳቢ ይነዱ ነበር። እዚህ መጥተው ዕድሜያቸውን በታክሲ ጨረሱና ዲኬተር አጠገብ ቤት ገዙ። በየዓመቱ የአሰብ ሰዎችን የሚሰበስቡት እሳቸው ናቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ሽማግሌዎች ልከው እህቴን ሊጠይቁ ቀን ተቆርጧል። አባታችን ስለሞተ መልሱን የምትሰጠው እናቴ ናት።

ጋሼ ግጥም እንደምጽፍ ሲሰሙ ስለ አሰብ ጻፍ ብለው አዘዙኝ። አሰብን አይቻት አላውቅም። ግጥምንም ያስተማረኝ የለም፤ ከአሮጌ መጻሕፍትና ከስልኬ ለቃቅሜ ነው የተማርኩት። ግን እምቢ የማለት ልማድ የለኝም፤ ጻፍኩ። «እርስዎም ይመጣሉ፤ አሁን ቤተሰብ ነን» አሏት እናቴን። በዚያው ቀን፣ እኛ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው እየሳቁ «የቡና ቤት ሴትና የወደብ ነፋስ አንድ ናቸው፤ ልብስህን ሳያስወልቁ አይለቁህም» ብለው ነበር። እናቴ ውሃ እየቀዳችላቸው ነበር። ብርጭቆውን ሞልታ አቀረበችላቸው።

ስንገባ ምሳ እየተበላ ነው። ጠረጴዛዎቹን ገጥመው ነጭ ወረቀት አልብሰዋቸዋል። እናቴ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ የጋሼ ባለቤት አጠገቧ ሆኑ። አጭር፣ ዝምተኛ የሚመስሉ ሴትዮ ናቸው። ፊት ለፊታችን ከእናቴ የሰንበቴ ጓደኞች አንዷ ተቀምጣለች፤ ባሏ ወደብ ይሠራ ነበር። እናቴ ስታያት ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች።

ሳህኖቹ ሲነሱ ጋሼ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። «በሉ፣ ከተማዋን እንሥራት!»

ይህ የየዓመቱ ልማዳቸው ነው። ጠረጴዛው ላይ በቀረው ዕቃ አሰብን መልሰው ያቆሟታል። የወረቀቱ ዳር ባሕር ሆነ። የተደፋ ትሪ የነዳጅ ማጣሪያው፣ የናፕኪን ሳጥን ወደቡ፣ ተደፍቶ የተከመረ ጨው የጨው ማምረቻው ነው። ሎሚ ያለበት ረጅም ብርጭቆ መስጊድ ሆኖ ቆመ። ቡና ቤቶቹ የቢራ ጠርሙሶች ናቸው።

«ኧረ ማጣሪያውን ባሕር ውስጥ ከተትከው!»

«አንተ መቼ እዚያ ደርሰህ ታውቃለህ? ጊዜህ ጫት ስትቅም ነው ያለቀው!»

«ቤታችንን የት ጣላችሁት? እንጀራ ቅርጫት ሥር ነው ያለው!»

አንዲት አሮጊት ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመሩ። በበጋ ቤት ውስጥ መተኛት አይቻልም፤ ከተማው በሙሉ አልጋውን አውጥቶ መንገድ ዳር ይደረድራል። አንሶላው ላይ ውሃ ይረጫል። ሀብታሙም፣ ኩሊውም፣ ዳኛውም በአንድ ረድፍ። «ማን እንደሚያንኮራፋ ከተማው ያውቃል። ዳኛው ሲፈርድ ‹ይኼ አንኮራፊ› እንላለን» አሉና ሳቁ። ኪሴ ውስጥ ያለው ግጥሜ ስለ ጨረቃና ስለ ማዕበል ነበር። አንድም አልጋ የለበትም። ወረቀቱን በጣቴ አጣጥፌ አጣጥፌ አሳነስኩት።

ጋሼ ወደ ጠርሙሶቹ መጡ። በወደቡ ጎዳና ላይ አንድ በአንድ ይተክሏቸው ጀመር። መርከበኞቹ የሚገቡበት ይኼ፤ ጥሩ ቴፕ ያለው ያኛው። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ከኋላ ወሬ የሚጨምርላቸው ሰው አለ። እናቴ የጠረጴዛውን ወረቀት ጫፍ በጥፍሯ ትልጣለች።

«ይቺ ደግሞ» አሉ፣ አረንጓዴ ጠርሙስ አንስተው፣ «ባለ አረንጓዴ በሯ! ወይ ጊዜ! በሯ ወደ ባሕሩ፤ ነፋስ እንደ ልብ።» ባሕሩ ዳር፣ ወደቡ ጥግ አቆሟት።

እናቴ ወረቀቱን መላጥ አቆመች። ቤቱ ይህ እንደሆነ ከዚያ አወቅኩ።

«የዚያን ቤት ሴቶች የማያውቅ ሹፌር የለም» ቀጠሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ኧረ ወይዛዝርት አሉ!»

«ምን አልኩ? ጨዋታ ነው። ረዳቴ አንዷን ቢያስቀይማት ጊዜ ጫማውን ከበሩ ላይ ቆማ ባሕር ውስጥ ወረወረችው! በባዶ እግሩ ደሴ ድረስ!»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። እኔ እናቴን እያየሁ ነበር። ዓይኗ ጠርሙሷ ላይ ነው። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ቤት ውስጥ ሥዕል ተጣሞ ሲሰቀል፣ ቄሱ አንድ ቃል ሲስቱ እንዲህ ታያለች። የፈራችውን ረስታዋለች። ተነሣሁ።

«ጋሼ፣ ግጥሙን አሁን ላንብበው?»

«ቆይ ልጄ፣ ከተማዋ አላለቀችም።»

የእናቴ እጅ ከነጠላዋ ሥር ወጣ። ከእንጀራ ቅርጫቱ በላይ አለፈና ጠርሙሷን አንገቷን ያዘ። ጎዳናውን አሻግራ ከሎሚው ብርጭቆ አጠገብ አቆመቻት።

«በሩ ወደ መስጊዱ ነበር» አለች። «ከዚያ ተወርውሮ ባሕር የሚደርስ ጫማ የለም። ጣሪያ ላይ ነው የተወረወረው።»

አጠገባችን ያሉት ከጠርሙሷ ወደ እናቴ ዞሩ፤ ቀጥሎም ዳር ያሉት።

«የደሴ ነኝ ብለውኝ አልነበር?» አሉ ጋሼ።

«ደሴ ተወለድኩ። እዚህ ሠራሁ።» ጣቷ የጠርሙሷ አፍ ላይ ነበር።

የሰንበቴ ጓደኛዋ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ጋሼ ጠርሙሷን ትተው እናቴን አዩዋት። የእህቴ ቅዳሜ አፋቸው ውስጥ ነበር።

«እዚያ... ቤት ውስጥ?»

«ከወሎ በዚያ ክፉ ቀን የወጣ ሰው ሥራ አይመርጥም።»

«ታዲያ ይኼ ይደበቃል?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ልጅ ለልጅ ልንሰጣጥ! ሽማግሌ ልልክ! ይኼ ነገር ለእኔ...»

«ቆይ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ።»

ባለቤታቸው ናቸው። ድምፃቸውን አልጨመሩም። ናፕኪናቸውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«እሷስ ሥራ ላይ ነበረች። አንተ ምን ትሠራ ነበር?»

«እኔማ... ሹፌር ሁሉ...»

«ከመኪናው ሥር ነው የምተኛው፣ ዕቃ ይሰረቃል፣ ከተሳቢዬ አልርቅም ስትለኝ አይደል የኖርከው? ስንቴ አልቅሼልሃለሁ፣ ጊንጥ ይነድፈዋል ብዬ!» ወደ ጠርሙሷ በአገጫቸው አመለከቱ። «በሩ ወደየት እንደሆነ የጠፋህ እንዴት ሆነህ ብትወጣ ነው?»

ከኋላ አንዱ ሳቀና ሳል አስመሰለው። ሌላው ግን ማስመሰል አልቻለም። ጋሼ አልሳቁም። ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ።

ሴትዮዋ የውሃ ብርጭቆ ወደ እናቴ ገፉ። «ጠጪ» አሏት። እናቴ አልጠጣችም። ወደ እኔ ዘንበል ብላ «ልጄን አበላሸሁባት» አለች፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ነገሩን ለመሸፈን ይሁን አላውቅም፣ አንድ ሰው «በል ገጣሚው!» አለ። ተነሣሁ። ወረቀቱን ስፈታው የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ጨረቃ ባሕሩን ትስማለች። ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ጠርሙስ ከሎሚ ብርጭቆ አጠገብ ቆማለች፤ እናቴ ደግሞ ጀርባዋን አቅንታ ከጠርሙሷ አጠገብ ተቀምጣለች።

«አልጨረስኩትም» አልኩ።

«አልጋዎቹን አስገባበት» አሉኝ አሮጊቷ።

መኪናው ውስጥ እናቴ ቀበቶዋን አሠረች። ስልኳ ጮኸ፤ እህቴ ናት። አላነሳችውም። ድጋሚ ጮኸ። በጭኗ ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። ወደ ኋላ ልወጣ ስል በእሷ በኩል መስኮቱ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። ኮፍያቸው ሥር ፊታቸው በላብ ረጥቧል። እናቴ መስታወቱን አወረደችው።

«ቅዳሜ» አሉ።

«ይንገሩኝ።»

«ሽማግሌዎቹን ቅሩ ልላቸው ስልኬን አውጥቼ ነበር።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሴትዮዋ ‹ቅሩ ካልካቸው እኔ ራሴ መርቻቸው እሄዳለሁ› አለችኝ።»

ወደ ፊት አየሁ። ባለቤታቸው ምግብ ቤቱ በር ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

«ስለዚህ ይመጣሉ» አሉ ጋሼ።

«ቤታቸው ነው» አለች እናቴ።

ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልሄዱም። እጃቸውን የመኪናው በር ላይ እንዳደረጉ ቀሩ።

«ግን በሩ ወደ ባሕር ነበር። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ አስታውሳለሁ። እርግጠኛ ነኝ።»

«ያ መስኮቱ ነው» አለች እናቴ። «ሂሳብ ሲመጣ በመስኮት ነበር እኮ የምትወጡት።»

ጋሼ ዞር ብለው ወደ ምግብ ቤቱ በር አዩ። ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይቺን ለሽማግሌዎቹ እንዳይነግሩብኝ።»

እናቴ መስታወቱን ዘጋችና ስልኳን ገለበጠችው።

«ንዳ» አለችኝ፤ የእህቴን ቁጥር እየደወለች።