በቀይ ክር የተሰፋው ስም

ባለፈው ሰኞ የልጅ ልጄን ቀሚስ ለማሳጠር ወደ ሐረሩ መኪና ግርግር ወረድኩ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ነው። ዛሬ ብዙዎቹ በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ የሚሰማው ለስላሳ ጉርምርምታ ነው። አንድ ሽማግሌ ብቻ በእግር የሚረገጥ መኪና ይዘው ተቀምጠዋል። ሲጀምሩ ዝግ፣ ከዚያ ፈጠን፣ ጨርቁ ጥግ ሲደርስ ቆም። የማሽን ዘይትና የአዲስ ካኪ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ቀሚሱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ነጂብ እዚያ የተቀመጠ መሰለኝ።

ነጂብ ልብስ ሰፊ ነበር። ያደገው ፈላና በር ሰፈር፣ ከቤታችን ጀርባ ነው። እኛ ልጆች ካካ ነጂብ እንለዋለን፣ ታላቅ ወንድም ማለታችን ነው። ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ከታች የሰፋ ሱሪ ለብሶ ይቀመጣል፤ ጊታሩ ከካኪ ጥቅሎቹ መሀል ተደግፏል። ግጥም የሚጽፈው የደንበኛ ልክ በሚመዘግብበት ደብተር ላይ ነበር። በአንዱ ሰው ወገብና በሌላው ትከሻ መሀል ስንኝ ይገባል። ዜማውን የሚሞክረው ደግሞ በመኪናው መርገጫ ምት ነው። ደንበኛ መጥቶ "ሱሪዬስ?" ሲለው "ከዘፈኑ ጋር ያልቃል" ይላል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ዘፈኑ ነበር።

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት አዲስ አበባ ሄዶ ትልቁን ሸክላ አስቀረጸ። ኤሌክትሪክ ጊታር፣ የፈረንጅ ከበሮ፣ ዘፈኖቹ በሙሉ የራሱ ድርሰት። ያን ያህል ይሸጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ፈረስ መጋላ አደባባይ ያለው ሸክላ ቤት ድምፅ ማጉያውን ደጃፉ ላይ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ያጫውተው ጀመር። የፔጆ ታክሲ ነጂዎች እያፏጩት ያልፋሉ። የሰፈራችን ልጅ ነው ብዬ እኔም ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ሦስተኛውን ዘፈን እስክሰማ ድረስ ነው ታዲያ። ግጥሙ የነጂብ ነው፤ ከእሱ ላይ አልወስድም። ዜማው ግን የአባይ ኑሪያ ነበር።

አባይ የምንለው ታላላቅ ሴቶችን ነው። አባይ ኑሪያ በቤታቸው ለእኛ ለሴት ልጆች የሰፌድ ስፌት ያስተምራሉ። አክርማችንን እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ይዘን፣ ወስፌያችንን ጨብጠን ዙሪያቸውን እንቀመጣለን። እጃችን እንዳይዘገይ ይዘፍኑልናል። ያንን ዜማ ያወጡት እኔ በአምስት ዓመቴ ለታላቅ እህቴ ሠርግ ነው፤ ሲያወጡት አጠገባቸው ነበርኩ። ነጂብም ቤቱ ከአባይ ኑሪያ ግድግዳ ማዶ ስለሆነ ሲሰማው ኖሯል።

ሸክላው ከወጣ በኋላ በአንድ ሠርግ ላይ አባይ ኑሪያ ዜማቸውን ጀመሩ። የሙሽራው አክስት ሳቀች።

"አባይ፣ በዚህ ዕድሜ ከሸክላ መማር ጀመሩ?" አለች።

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። አባይ ኑሪያ ዜማውን ከመሀል አቋረጡት። በማግሥቱ ስፌት ስንቀመጥ አልዘፈኑም፤ በሳምንቱም አልዘፈኑም። የምንሰማው የወስፌ ድምፅ ብቻ ሆነ። የገዛ ዜማቸው ሌባ አድርጎ አስቆጠራቸው። ይህ ለእኔ የሚዋጥ ነገር አልነበረም።

ነጂብ ለቅዳሜው የመድረክ ዝግጅት ሐረር ገባ ሲባል ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ወደ ሱቁ ሄድኩ። የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ። ሱቁ በአድናቂ ተሞልቷል፤ በክንዳቸው ሥር ሾልኬ መኪናው ፊት ቆምኩ።

"ካካ፣ ሦስተኛው ዘፈን ያንተ አይደለም።"

"ሚጥሚጣዋ መጣች" ብሎ ሳቀ። "የማነው ታዲያ?"

"የአባይ ኑሪያ ነው። ሽፋኑ ላይ ግን ግጥምና ዜማ ነጂብ ይላል።"

"የሠርግ ዜማ እኮ ነው ዘሀራ። ባለቤት የለውም፣ የሁላችንም ነው።"

"አባይ ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ሰፌዶች እሳቸው የሰፉት የትኛው ነው?"

"ከላይ፣ ከበሩ በስተቀኝ ያለው" አለ ሳያስብ።

"ስም ተጽፎበታል?"

"አልተጻፈበትም።"

"ታዲያ እንዴት አወቅክ? ደግሞስ ስም የለውም ብለህ አውርደህ ትወስደዋለህ?"

ከአድናቂዎቹ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ነጂብ እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ። የሠርጉን ነገር ነገርኩት፤ ዝም ማለታቸውንም ነገርኩት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ እሳቸው እኮ በልጅነቱ አጉርሰውታል።

"አዲስ አበባ የታተመውንና የተሸጠውን አሁን መመለስ አልችልም" አለ። "ሐረር ያለውን ግን እችላለሁ። መጻፍ ታውቂያለሽ?"

"ሦስተኛ ክፍል ነኝ።"

ሸክላ ቤት ሄዶ ያልተሸጠውን ሁሉ በካርቶን አስጭኖ አመጣ። እኔ ልብስ ሰፊዎች በሚያሰምሩበት ስስ ሳሙና በየሽፋኑ ላይ "የሦስተኛው ዜማ፣ ኑሪያ" ብዬ ጻፍኩ፤ እሱ ሸክላውን እያወጣ ባዶውን የካርቶን ሽፋን ከመርፌው ሥር አስገብቶ ፊደሌን በቀይ ክር ተከተለ። ካርቶን መርፌ ይሰብራል። ስንት መርፌ እንደሰበረ አላውቅም። የዝግጅቱ ኃላፊ መጥቶ ልምምድ ቀረህ፣ ዕቃም አበላሸህ ብሎ ጮኸበት።

ነጂብ ቀና ሳይል "ልብስ ሰፊ ነኝ። ያበላሸሁትን የምጠግነው በመርፌ ነው" አለው።

ቅዳሜ መድረክ ላይም ስማቸውን ጠርቶ ነው የዘፈነው። የሙሽራው አክስት እዚያ ነበረች፤ ዞሬ አየኋት።

በማግሥቱ አንዱን ሽፋን ይዞ አባይ ኑሪያ ደጃፍ ቆመ። ሴቶች ስፌት ወደሚሰፉበት ወንድ ስለማይገባ እኔ ተቀብዬ አስገባሁላቸው። ማንበብ ስለማይችሉ አነበብኩላቸው። ክሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ ገለበጡት፣ ጀርባውን መረመሩ።

"ስፌቱ ጠማማ ነው" አሉ፣ ነጂብ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ጠማማው ፊደሌ ነበር። እኔም አልተናገርኩም፣ እሱም አላጋለጠኝም። አባይ ኑሪያ ሽፋኑን ከሰፌዱ ጎን አስቀመጡና ወስፌያቸውን አነሱ። ጥቂት ዙር ሰፍተው ዜማቸውን ጀመሩ። ነጂብ ከበሩ ውጭ ግድግዳውን ተደግፎ እስኪጨርሱ ቆመ።

ሁለቱም ዛሬ የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። ቀሚሱን አሳጥሬ ስመለስ የልጅ ልጄ ያንን ዘፈን በስልኳ አወጣችልኝ። ዜማ፣ ነጂብ ይላል። ሳጥኔን ከፍቼ አባይ ኑሪያ የተዉልኝን ሽፋን አወጣሁና ፎቶ አንሺው፣ የሚታረምበት ቦታ ካለ ላኪው፣ ካልሰሙሽ ደግመሽ ላኪው አልኳት። ይህንንም የጻፍኩት ለዚያው ነው።

ቀዩ ክር ወደ ቡናማ ሄዷል፤ ካርቶኑም ጠርዙ ተበልቷል። ከፊደሎቹ ግን አንዱም አልተተረተረም። ክሩ እንዳይፈታ ነጂብ በእያንዳንዱ ስም መጨረሻ ላይ ካርቶኑን አዙሮ በሰፋበት ላይ ደግሞ ይሰፋ ነበር።