የገብስማዋ የመጨረሻ እንቁላል

ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ ለጥልፍ በእርሳስ ነጠብጣብ ምልክት ባደረግሁ ቁጥር እናቴ ትመጣብኛለች። ዓይኔ ደክሟል፤ ነጠብጣቡ ይደባለቅብኛል። እጄ ግን ዛሬም የሚጀምረው እሷ እንዳሳየችኝ ከመሃል ነው።

ልጅ እያለሁ፣ መቱ ውስጥ፣ አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረችን። ዳሪሙ ትኖር የነበረችው አክስቴ ከመሞቷ በፊት ለእናቴ የሰጠቻት ናት። እናቴ ስለ እህቷ ብዙም አታወራም፤ ለዶሮዋ ጥሬ ስትበትን ግን በእህቷ ስም ነበር የምትጠራት። አንድ ክረምት ዶሮዋ እንቁላል እንደታቀፈች ሸለምጥማጥ በላት። እናቴ እየቀዘቀዙ ያሉትን እንቁላሎች በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ጭቃውን እየረገጠች፣ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ዘንድ ወሰደቻቸው። የእሳቸውም ዶሮ ታቅፋ ነበር። አዴ ጫልቱ፣ "የእኔዋ ሉኩ እንደ እኔው ናት፤ የሰው ልጅ ማሳደግ አይሰለቻትም" ብለው ወደ ዶሯቸው እያመለከቱ ተቀበሉን።

መፈልፈያው ሲቃረብ እንቁላሎቹን ለብ ያለ ውሃ ላይ አንሳፈፍናቸው። ነፍስ ያለው ይወዛወዛል። ነቅነቅ ያለው አንዱ ብቻ ነበር። የቀሩትን ጓሮ ወስደን ስንሰብር ሽታው አፍንጫ ይቆርጣል። አንዱ ግን ብዙም አልገማም፤ ከውስጡ የጣቴን ጫፍ የምታህል፣ ላባ ያላበቀለች ጫጩት ወጣች። ጀርባዋ መሃል ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ተሰልፈዋል፤ ወደ ጎኗ እያነሱ ሄደው ይጠፋሉ። በጥልፍ ያሳደገችን እናቴ ጎንበስ ብላ ብዙ አየቻት።

"ምልክቱ ተደርጎላት ነበር" አለች፤ "ክሩ ሳይደርስላት ቀረ እንጂ።"

ያቺ የተነቃነቀችው ተፈለፈለች። ከአናቷ ነጭ ነጥብ በቀር ጥቁር ነበረች። የአክስቴ ዶሮ ዘር ጠፋ ብዬ አለቀስኩ። እናቴ በደከመ ድምፅ፣ "ገና ነው፤ ላባዋ ይምጣ" አለችኝ።

ከትምህርት ቤት በተመለስኩ ቁጥር ክንፏን እየገለጥኩ አያለሁ። አንድ ቀን ነጭ መስመር፣ ጥቁር መስመር፣ ደግሞ ነጭ። እናቴ ጫጩቷን ደረቷ ላይ አድርጋ የእህቷን ስም ጠራች። ኋላ ጫጩቷ አድጋ አውራ ዶሮ ሆነችና በሴት ስሟ ሰፈሩን ሁሉ ብታስቅም እናቴ ስሙን አልቀየረችውም።

ዛሬ ጫጩት በካርቶን ተጭኖ ይመጣል፤ ሁሉም አንድ መልክ፣ ላባው ምን ይሆን ብሎ የሚጠብቅ የለም። ልጄም ጥልፉን በማሽን አሠሪው ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። እናቴም የለችም። ክሩ መርፌው ቀዳዳ አልገባ ብሎኝ ስታገል "ገና ነው" እላለሁ፣ እኔም በደከመ ድምፅ።