የእማማ ጉድጓድ እና የኔ ሹካ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የክረምቱ ዝናብ ጋብ ሲል ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው በሰው ቀለብ ላይ ብረት ስለሰካሁ ነው።

ዲላ ብየዳ ቤት እሠራለሁ። ያደግኩት ጤፍ አገር ስለሆነ ቆጮ ሲበላ እንጂ ሲቀበር አላየሁም ነበር። የተከራየሁት ከከተማው ዳር፣ እማማ የምላቸው የጌዴኦ እናት ግቢ ውስጥ ነው። ጓሯቸው እንሰት፣ ቡናና ጎደሬ ነው። ጎደሬውን በዶማ ሲያወጡ ግማሹ ይቆረጥባቸዋል፤ የተቆረጠው ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል። የኔ እጅ አርፎ አይቀመጥም። ሦስት ጥርስ ያለው፣ በእግር የሚረገጥ የብረት ሹካ በየድኩላቸው። ከሥር ሰክተው እጀታውን ወደ ኋላ ሲጫኑት ጎደሬው ከነልጆቹ ብድግ ይላል።

አንድ የገበያ ቀን እማማ ሲወጡ፣ ሳይመለሱ ልጨርስላቸው ብዬ ጓሮ ገባሁ። ሥራው ሲቀለኝ ጭራሽ ቸኮልኩ። ከእንሰቱ ሥር የተከመሩ ድንጋዮች መንገድ ዘጉብኝ። እያነሳሁ ወደ አጥሩ ወረወርኳቸውና አጠገባቸው ያለውን ጎደሬ ላወጣ ሹካውን ረገጥኩ። ያለ ምንም ትግል እስከ አንገቱ ገባ። ስነቅለው ኮምጣጣ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ ቆጮ ነው። ይርጋጨፌ ያለችው ልጃቸው ስትወልድ ሊወስዱላት ያስቀመጡት፣ ማታ ማታ የሚያወሩልኝ ቆጮ።

እስኪመጡ ቁጭ ብድግ ስል ቆየሁ። እንደገቡ ነገርኳቸው። ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ተንበረከኩ፤ የተበሳውን የእንሰት ቅጠል ዳበሱ፣ እጃቸውን አሸተቱ።

«ድንጋዩን ለምን አነሳህ? ክዳን ነው እኮ።»

«አላወቅኩም፣ እማማ።»

«አየር ከገባ ይበላሻል። ሹካህን አምጣ።»

ሊሰብሩት መሰለኝ። እሳቸው ግን በእሱው አዲስ ጉድጓድ አስቆፈሩኝ። አዲስ ቅጠል አለበስነው፤ ቆጮውን አዛወርን፤ ድንጋዮቹንም ከአጥሩ ሥር ለቅሜ መለስኩ።

ከዚያ ወዲያ እረፍት አጣሁ። ሥራ ላይ ሆኜ ስለ ጉድጓዱ አስባለሁ። ዝናብ ሲጥል ሮጬ ወጥቼ አያለሁ። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ድንጋዩ ላይ ጎንበስ ብዬ አሸታለሁ። እማማ አይተው ወደ ሥራቸው ያልፋሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጅቷ መገላገሏ ተደውሎ ተነገረን። እማማ ጉድጓዱን ሲከፍቱ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ተቀበልኳቸው። ከላይ ትንሽ ጠቁሯል፤ ጠርገው ጣሉት። ከሥሩ ነጭ ነው። ቆንጥረው አሸተቱና ወደ አፍንጫዬ አስጠጉልኝ።

«ስታሸት አይደል የከረምከው? እንካ፣ አሽት። ደህና ነው።»

እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

ዛሬ ሹካው የሰፈሩ ሁሉ ሆኗል። እኔ ግን የተከመረ ድንጋይ ባየሁ ቁጥር አሁንም ልቤ ድንግጥ ይላል። ጎረቤት ሊዋስ ሲመጣ እማማ በር ላይ ቆመው፣ «ሹካውን ውሰዱ፤ ልጁን ግን ተዉልኝ፤ እሱ ድንጋይ ያነሳል» ይላሉ።