ማር የመሰለው ጫማ

ባለቤቴ ወልደየስ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን አይቶ አያውቅም። ቁጭ ካለ ጭኑ ላይ ጫማ አለ። ጫማ ከሌለ እግሩ ይወዛወዛል፣ ጣቱ ጠረጴዛ ይመታል፣ ተነስቶ መስኮት ይከፍታል፣ ደግሞ ተመልሶ ይዘጋል። እዚህ በሰው አገር፣ ኮሜርስ ሲቲ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ውሎ የሚመጣ ሰው መቼም ይደክመዋል ትላላችሁ። እሱን ድካም አያውቀውም። እሱን እያየሁ የምደክመው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በምንኖርበት በኦሮራ ከተማ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥባቸውን ሱቆች ሲያካልል ይውላል። ሌላ ሰው ጫማ ሲገዛ ከላይ ያያል፤ እሱ ገልብጦ ሶሉን ያያል። የተሰፋ ነው ወይስ በማስቲሽ የተለጠፈ? ቆዳውን በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ በመጨረሻም አፍንጫውን ጫማው ውስጥ ይከታል። እኔ በዚያን ሰዓት ሌላ ረድፍ ውስጥ ገብቼ የማላውቀው እመስላለሁ። ቤት ሲገባ ደግሞ መታጠቢያ ቤቱ የእሱ ነው። ስዊድ የሚባለው ፀጉራም ቆዳ በደረቅ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ይቦረሻል፣ እድፉ በላጲስ ይነሳል። ልሙጡ ቆዳ ግን ቅባት ይጠጣል፣ ያድራል፣ ደግሞ ይጠጣል። ይህን ሁሉ ወድጄ አይደለም የተማርኩት።

እንደ ፈረንጆቹ በ2014፣ በበረዶው ወራት፣ ማር የመሰለ ቡኒ ጫማ ይዞ መጣ። ልሙጥ ቆዳ፣ በክር የሚታሰር። ሲያመጣው ድርቆሽ ሆኖ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አሸው፣ ቀባው፣ ውስጡ የእንጨት ቅርፅ ከቶ አሳደረው፤ እውነቱን ለመናገር ሲጨርስ እኔም ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። እሁድ ቤተክርስቲያን አደርገዋለሁ አለ። በዚህ በረዶ አሮጌውን አድርግ ብለው አልሰማኝም።

ቅዳሴ አልቆ ስንወጣ መግቢያው ላይ ካለው መደርደሪያ ያ ጫማ የለም። በቦታው ልኩ አንድ የሆነ፣ ቅርፁም የሚመስል፣ ጨው የበላው ጥቁር ጫማ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቅን። ወልደየስ በሰው ጫማ ቤቱ ገባ።

«ሌባ አይደለም፤ ተሳስቶ ነው» አለ።

«ታዲያ በሚቀጥለው እሁድ ይታወጅ» አልኩት።

«ጫማ ወሰድክ ብዬ በጉባኤ ሰው ላሳፍር?»

እንዲህ ይበል እንጂ አላረፈም። ሰኞና ማክሰኞ ቤቱን ሲለካው አመሸ። በመጨረሻ እጁ ሥራ ስላጣ የሰውየውን ጥቁር ጫማ ማከም ጀመረ። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የተወውን ነጭ መስመር ውሃ በተቀላቀለበት ኮምጣጤ ጠረገ፣ ውስጡን በጋዜጣ ሞላ፣ ከማሞቂያው አርቆ አደረቀው። ከዚያ ቀኙን አንስቶ አሳየኝ። የተረከዙ ጀርባ ተፍቆ ቆዳው ነጥቷል፤ የግራው ግን ደህና ነው።

«የሹፌር ጫማ ነው» አለ። «ነዳጅ ሲረግጥ ተረከዙ ወለሉ ላይ እየታሸ ነው።»

«ጎሽ» አልኩት። «ቤተክርስቲያናችን ካሉት ወንዶች ግማሹን አገኘህልኝ።»

ረቡዕ ማታ ልጃችን እምነት፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የቤት ሥራዋን ትታ ጫማውን አየችው።

«ዳዲ፣ ያንተን ብራውን ሹዝ ጋሽ ኪዳነ አድርጎታል።»

«አድርገውታል በይ» አልኳት።

ጋሽ ኪዳነ ከእኛ በታች ያለው አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ከእኛ የተሻለ አማርኛ የሚናገሩ፣ ፓርክ አደረግኩ ስንል የሚቆጡ። ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድተዋል፣ አሁንም ይነዳሉ። እኔም ወልደየስም ሳይነጋ ሥራ ስለምንገባ እምነትን በየጠዋቱ ትምህርት ቤት የሚያደርሷት እሳቸው ናቸው። ሳንቲም ተቀብለውን አያውቁም። በዚህ አገር ልጄን ዓይኔን ጨፍኜ የምሰጠው ለእሳቸው ብቻ ነበር።

ወልደየስ ሳቀ። «እሳቸው ከሆኑማ መርቄላቸዋለሁ፤ ያድርጉት።» እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ጥቁሩን ጫማ ወደ መብራቱ አስጠጋው።

«ምንትዋብ፣ ይኼ ምን ቀለም ነው?»

«ጥቁር ነዋ።»

«የኔስ?»

«ቡኒ።»

«አራት ቀን አድርገውታል» አለ። «በጠራራ ፀሐይ፣ በነጭ በረዶ ላይ። አንዴ እንኳን አላዩትም?»

እርጅና ነው፣ ሐሳብ ነው አልኩ። እምነት ከእርሳሷ ቀና ሳትል ጣልቃ ገባች።

«ጌም አለን እኮ። የመንገዱን ላይት እኔ ነኝ የምነግረው። ሬድ ስል ስቶፕ ያደርጋል፣ ግሪን ስል ይሄዳል። አይም ሪሊ ጉድ፣ ጎበዝ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

«ሲንስ ሃሎዊን።»

ሃሎዊን ከሚከበርበት ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ በየቀኑ፣ በፒዮሪያ ስትሪት። ደሜ ፈላና ወደ በሩ ሄድኩ፤ ወርጄ ልጮህባቸው ነበር። ወልደየስ ክንዴን ያዘኝ።

«ነገ ጫማቸውን እመልስላቸዋለሁ» አለ።

«ስለ ጫማ ነው የማወራልህ?»

«ሌላ በምን እጀምረዋለሁ?»

ሌሊቱን አልፈዋለሁ፤ እንቅልፍ ስላልነበረበት የሚነገር የለውም። ጠዋት ሁለታችንም ሥራ ደውለን ቀረን። ታክሲዋ በረዶ የተቆለለበት ፓርኪንግ ውስጥ ሞተሯ ተነስቶ ትጠብቃለች። የእምነትን እጅ አጥብቄ ይዤ ቆምኩ። ወልደየስ የሹፌሩን በር ከፍቶ በረዶው ላይ ተንበረከከ።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ኪዳነ። እግርዎን ይስጡኝ እስቲ።»

«ምን ሆነሃል ልጄ? ሥራ የለህም?»

«እሁድ ጫማ ተለዋውጠናል። የእርስዎ ይኸው።»

ሳቁ። «ለካ ለዚህ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ እግሬን ደልቶት የከረመው።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው እግራቸው ላይ ያለውንና ወልደየስ የያዘውን አስተያዩ። ብዙ አስተያዩ። እጃቸውን ዘርግተው ሁለቱንም በጣታቸው ነኩ።

«ያንተ ምን ቀለም ነው?» አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

«ቡኒ ነው። ማር የመሰለ።»

«የኔስ?»

«ጥቁር።»

ስሰድራቸው ያደርኳቸው ክፉ ቃላት ፊታቸውን ሳይ ጠፉብኝ። አንዱን ብቻ ግን ተናገርኩ፤ በመናገሬም አልጸጸትም።

«ስለ መብራቱ ልጄ ነግራኛለች፣ ጋሽ ኪዳነ።»

መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «የዓይን ሞራ ነው መሰለኝ» አሉ። «ይገፈፋል ይላሉ። ሐኪም ካየኝ መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚህች መኪና ሌላ ምን አለኝ። ልጅቷን ግን…»

ወልደየስ ቡኒውን አውልቆ ጥቁሩን አደረገላቸው፤ ክሩንም ቀስ ብሎ አሰረ። ሥራ ላይ ስለነበር እጁ ረጋ ያለ ነበር። እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም። ሲያበቃ ጋሽ ኪዳነ ወረዱ። እጃቸውን የመኪናዋ ኮፈን ላይ እያስኬዱ በፊት በኩል ዞሩና የወዲያኛውን በር እጀታ በዳሰሳ ፈለጉ። ማናችንም አልረዳናቸውም። አግኝተው ከፈቱና ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ።

«ንዳ» አሉት ወልደየስን። «መጀመሪያ ትምህርት ቤት። ከዚያ እኔን ሐኪም ቤት።»

እኔና እምነት ከኋላ ገባን። ፒዮሪያ ላይ ስንደርስ ቀይ ያዘን። ወልደየስ እንደ ልማዱ በጣቱ መሪውን ይመታል። መብራቱ ሲቀየር እምነት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ብቅ አለች።

«ግሪን፣ ጋሽ ኪዳነ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሉ። ወደ መቀመጫዋ ልመልሳት ጎንበስ ስል እግራቸውን አየሁት። ቀኝ ጫማቸው፣ ነዳጅ የሚረግጥ ይመስል፣ ተረከዙን አስደግፎ ባዶውን ወለል ተጫነ።